ማህተም ያልነበራቸው ዘጠኝ ፎቶዎች

ሥራዬ የሰው ግድግዳ ማየት ነው። ሮቤ ላይ ሆቴል የሚከፍት፣ እንግዳ ማረፊያ የሚያድስ ወይም ቤቱን ሸጦ አዲስ አበባ የሚገባ ሰው ሲኖር ይጠሩኛል። አልጋና ቁም ሳጥን የሚገምት ሞልቷል፤ እኔን የሚጠሩኝ ለግድግዳው ነው። ፏፏቴ፣ ፈረስ፣ ጭጋግ የለበሰ ተራራ፣ ጀምበር ስትጠልቅ የተነሳ የስንዴ ማሳ፤ ከፊት ፊርማ፣ ከኋላ ስም የሌለው ትልልቅ ፎቶ። «ይሄ ስንት ያወጣል?» ይሉኛል። ገልብጬ ጀርባውን አያለሁ። የፍሬሙን ጥግ ቀና አድርጌ ፀሐይ የበላውን ቀለም ካልበላው ጋር አስተያያለሁ። በአጉሊ መነጽር ነጠብጣብ እፈልጋለሁ፤ ካለው የማተሚያ ቤት ፖስተር ነው፣ ከሌለው ከፊልም የታጠበ ነው። ከዚያ «ማን ነው ያነሳው?» ብዬ መጠየቅ አለብኝ። ቤቱ ውስጥ ልጅ ካለ ግን አልጠይቅም። «እስቲ ልጁን ሱቅ ላኩት» እላለሁ። ሰው ይገርመዋል፤ ይግረመው።

ይህን ጠባይ ያመጣሁት ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ ከጎባ ነው። ልነግራችሁ ብዬ ከተቀመጥኩ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተነስቻለሁ፤ አንዴ የተዘጋ በር ልዘጋ፣ አንዴ ያልጮኸ ስልክ ላነሳ። ነገሩን ሳስበው እግሬ አርፎ አይቀመጥም።

አባቴ ጌታነህ ጎባ ላይ ፎቶ ቤት ነበረው። ከፊት ፎቶ የሚነሳበት ክፍል፣ ቀጥሎ ቀይ አምፖል የሚበራበት ጨለማ ክፍል፣ ከጨለማው ክፍል ጀርባ ደግሞ እኛ የምንኖርበት አንድ ክፍል። አባዬ ክራባት ያስር ነበር። በጎባ ብርድ ሰው ሁሉ ጋቢና ካፖርት ሲደራርብ እሱ በኮትና በክራባት፣ በኪሱ ማበጠሪያ ይዞ፣ ደንበኛውን «ቀና በል፣ አገጭህን ዝቅ፣ አትተንፍስ» ይላል። አትተንፍስ ማለት ይወድ ነበር እንጂ እሱ ራሱም እንደ ልቡ አይተነፍስም። አስም ነበረበት። ሲተኛ ደረቱ ዘይት እንዳጣ ማጠፊያ ሲጥ ሲጥ ይላል።

በፊተኛው ክፍል ግድግዳ ላይ ዘጠኝ ትልልቅ ፎቶዎች ተሰቅለው ነበር፤ ሁሉም ከጎባ በላይ ባለው በሰነቴ አምባ የተነሱ ናቸው። ዞራ የምታይ ቀይ ቀበሮ አለች። ጭጋግ ውስጥ እንደ ሰው ቆመው የቀሩ ጅብራ የሚባሉ ረጃጅም ተክሎች አሉ። በረዶ ባነጣው ሜዳ ላይ ፈረሱን የሚስብ ሰው አለ፤ የሰውየው ፊት አይታይም፣ ከፈረሱ አፍንጫ የሚወጣው እንፋሎት ግን ይታያል። ደንበኛ ፎቶው እስኪደርስለት አንጋጦ ያያቸውና «ጌታነህ፣ አንተ እኮ ጉድ ነህ!» ይላል። አባዬ ፈገግ ብሎ የካሜራውን እግር ማስተካከል ይጀምራል። «እኔ ነኝ ያነሳሁት» ሲል አንድ ቀን ሰምቼው አላውቅም። ትሕትናው ነው ብዬ እኮራበት ነበር።

እናቴ ወለተኢየሱስ በእኔ ዓይን ቡና ነጋዴ ነበረች። በየሁለት በየሦስት ሳምንቱ ሊነጋጋ ሲል ጋሽ ቱሉ የሚባሉ ሹፌር አይሱዙአቸውን በራችን ላይ ያቆማሉ። እሷ ጋቢ ተከናንባ ከጎናቸው ትቀመጥና ሰነቴን አቋርጠው ደሎ መና ይወርዳሉ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ በግማሽ ጆንያ ቡና ትመለሳለች፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ፣ ጉንጯ በነፋስ ጠቁሮ፣ ጫማዋ ጭቃ ለብሶ። ቡናውን ለጎረቤት በጣሳ እየሰፈረች ትሸጣለች። እውነቱን ልናገር፣ አፍርባት ነበር። ክራባት የሚያስር አባት እያለኝ እናቴ በጭነት መኪና የምትንከራተት መሆኗ ያናድደኛል። ጎረቤቶች «ናፍቆት በአባቷ ወጣች» ሲሉ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ወግ የሚያውቅ ሰው ቢሆን ቀጥሎ ያለውን እስከ መጨረሻው ይደብቀው ነበር። እኔ አልችልም፤ አሥራ አምስት ዓመት ተደብቆ ያደረገውን አድርጓል። ዘጠኙንም ፎቶ ያነሳችው እናቴ ናት። ጋቢዋ ስር ካሜራው ነበር። አባዬ ሰነቴን የረገጠው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያን ቀንም አየሩ ሳስቶበት ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ ጋሽ ቱሉ በጀርባቸው አዝለው ወደ መኪናው መለሱት። ከዚያ ወዲህ እሱ ጎባ ቁጭ ብሎ የሰው ፊት ያነሳል፣ እሷ ትወጣለች። ቡናው ለሰው አፍ ነበር። ባለትዳር ሴት ካሜራ ይዛ ከሹፌር ጋር ተራራ ወጣች ከሚባል ቡና ልትገዛ ሄደች ቢባል ይሻላል ብለው ሁለቱ የተማከሩት ነገር ነው። ምክሩ ለእኔም ደረሰኝና አመንኩት።

ሌላም ነገር ነበር። አባዬ ክብ ማህተም አለው፤ ዙሪያውን «ጌታነህ ፎቶ ቤት፣ ጎባ» የሚል። ጉርድ ፎቶ ሆነ የሠርግ አልበም፣ ከእጁ የሚወጣውን ሁሉ ጀርባውን ሳያትም አይሰጥም። ዘጠኙን ግን አላተማቸውም። ያኔ ረስቶ ነው ብዬ አስብ ነበር። ዛሬ እንደሚገባኝ ከሆነ አባቴ ያላነሳውን የሚያትም ሰው አልነበረም። የእሷን ስም የሚያወጣ ማህተም ደግሞ አላስቀረጸም።

ሐምሌ ላይ ሞተ። ክረምቱ አላሻግረው አለ።

ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ወረፋ ነው። እማዬ ጥቁር በጥቁር ለብሳ፣ እኔን በእጇ ይዛ ከቢሮ ቢሮ ትዞራለች። የሞት ማስረጃ ይሏታል፣ የወራሽነት ማስረጃ ይሏታል። አንዱ ጋ «ይሄ ቲተር ብቻ ነው ያለው፣ ክብ ማህተም የለውም» ብለው ይመልሷታል። ክብ ማህተሙን የያዘው ሰውዬ ስብሰባ ነው። ሰውዬው ሲመጣ ቀለሙ አልቋል። አንድ ቀን አንዱ ጸሐፊ ወረቀታችንን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ «እናቴ፣ ማህተም የሌለው ወረቀት እኮ ስኳር መጠቅለያ ነው» አላት። ይህ ቃል ከትምህርት ቤት ከተማርኩት ሁሉ በላይ ጭንቅላቴ ውስጥ ገባ።

አከራዩ እስከ ኅዳር ጊዜ ሰጠን። ወይ ፎቶ ቤቱ ሥራ ጀምሮ ኪራይ ይከፍላል፣ ወይ ዘግተን ጎሮ አጎቴ ቤት እንገባለን። አጎቴ ሁለት ክፍልና ስድስት ልጅ ነበረው። እማዬ ቤቱ ውስጥ ያለውን ዕቃ የሚገምት ሰው ከሮቤ አስጠራች።

ጋሽ ከሊል የመጡት ማክሰኞ ነው። ያገለገለ ዕቃ ገዝተው የሚሸጡ፣ ረጅም፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሰው ናቸው። «አካም ጅርቱ አዴ ወለተኢየሱስ። አላህ ያጽናሽ» ብለው ገቡ። ወንበሩን አነቃነቁ፣ ባለ መስታወት ቁም ሳጥኑን ከፍተው ዘጉ፣ ለእያንዳንዱ ዋጋ ጠሩ። ሊወጡ ሲሉ ግድግዳውን አዩ።

«እነዚህንስ ትሸጫቸዋለሽ?»

እማዬ፣ «ዋጋ ካወጡ» አለች።

ቀበሮዋን አውርደው ጠረጴዛ ላይ በፊቷ ደፏት። የጀርባውን ሚስማር በጉጠት እያቃኑ ከፈቱት። አሸተቱት። «እርጥበት አለው። የጎባ ቤት ያልረጠበ ምን አለ!» አሉ። ከዚያ ወረቀቱን አውጥተው መነጽራቸው ላይ አጉሊ ደርበው ጎንበስ አሉ። እኔ የበሩን መጋረጃ ይዤ ቆሜያለሁ፤ ቀበሮዋን ከመስታወቱ ውጭ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበርና የተገፈፈች መሰለኝ።

«ነጠብጣብ የለውም፤ ፖስተር አይደለም። ማሻአላህ፣ ጥሩ ሥራ ነው» አሉ። ገለበጡት። «ስም ግን የለውም።»

ሁለተኛውን አወረዱ። «ይሄም ስም የለውም።» ሦስተኛውን። ዘጠኝ ጊዜ «ስም የለውም» ሲሉ ቆጠርኩ። ከአባቴ የቀረኝ ግድግዳ ላይ ያለው ብቻ ነበር፤ እኚህ ሰውዬ ደግሞ እያወረዱ ስም የለህም ይሉታል።

«ማን ነው ያነሳቸው?» ብለው ጠየቁ።

እማዬ ወለሉን አየች። «ከቤቱ ጋር የነበሩ ናቸው» አለች።

ከቤቱ ጋር! እንደ በርና መስኮት! መጋረጃውን ነከስኩት።

«ተይ እንጂ አዴ፣» አሉ ጋሽ ከሊል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ስም የሌለው ፎቶ በመስታወቱና በእንጨቱ ነው የሚሸጠው። ስልሳ ስልሳ ብር እሰጥሻለሁ፤ ከዚያ አያልፍም። ያነሳው ሰው ከታወቀ ግን ሌላ ነው። ሮቤ ላይ ሆቴል የምትሠራ ሶረቲ የምትባል ሴት አለች። የውጭ አገር ተራራ አልፈልግም፣ የአገሬን ስቀሉልኝ ትላለች። ሦስት መቶ ሦስት መቶ ትከፍላለች። ያነሳው ሰው በሕይወት ካለ ደግሞ ለአሥራ ሁለት ክፍል ሌላ ታሠራዋለች። የዓመት እንጀራ ነው። ንገሪኝና ልንገራት።»

«ሆድ ይፍጀው ጋሽ ከሊል» አለች እማዬ።

ያን ጊዜ ጋሽ ከሊል አባቴን የሚሰድቡ፣ እማዬም ቆማ የምታሰድበው መስሎኝ ነበር። ሰውየው የሚለምኗት ስሙን ተናግራ ዋጋዋን እንድትወስድ ነበር፤ እኔ ዛሬ የምጠይቀውን ነው የጠየቁት። እሷም ያፈረችው በአባቴ አልነበረም። ባሏ ከተቀበረ ሦስት ወር አልሞላውም፤ ጥቁሯን አላወለቀችም። ጎባ በሙሉ «የጌታነህ ፎቶ» የሚለውን ነገር «የእኔ ነው» ብላ ብትነሳ ሙት ወቃሽ ትባላለች። በእኛ ዘንድ ከሌባ ይልቅ ሙት ወቃሽ ይፈራል። ሌባን ቢያንስ ባለቤቱ ተነስቶ ሊከራከረው ይችላል።

ጋሽ ከሊል የፍሬሞቹን ጀርባ እንደተከፈተ ትተው ዘጠኙንም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ደረደሯቸው። «ይናፈሱ። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሶረቲን ይዤ እመጣለሁ፤ እስከዚያ አስቢበት» ብለው ሄዱ።

እማዬ አሰበችበት። ረቡዕ ቀን ካሜራውን አውጥታ ስትወለውለው አየኋት። ልትሸጠው ነው ብዬ አልቅሼ ከቤት ወጣሁ።

እኔም አሰብኩበት። የእኔ ሐሳብ ቀላል ነበር። ስም የለውም ይላሉ፤ ስም እኮ መሳቢያ ውስጥ አለ! ማህተም የሌለው ስኳር መጠቅለያ ከሆነ ማህተም ሲመታበት ሦስት መቶ ብር ይሆናል። አባዬ ረስቶ ነው፤ እኔ አስታውስለታለሁ።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ እማዬ ያንን የማያልቅ ወረቀቷን ይዛ ቢሮ ሄዳለች። መሳቢያውን ከፈትኩ። የማህተሙ እጀታ አባዬ በያዘበት በኩል ተልጧል። የቀለሙን ቆርቆሮ ስከፍተው ያ የምወደው ሽታ ወጣ። ቀበሮዋን ከፍሬሟ አንሸራትቼ አወጣኋትና ወለል ላይ አነጠፍኳት። ጀርባዋ ላይ ብመታው ማን ያየዋል? የትምህርት ቤት መታወቂያዬ ላይ ማህተሙ ግማሹ ፎቶዬ ላይ፣ ግማሹ ወረቀቱ ላይ ነው ያረፈው፤ ትክክለኛው አመታት እሱ ነው። ማህተሙን ሁለት ጊዜ ቀለም አጥቅሼ ከቀበሮዋ በላይ በሰማዩ ጥግ፣ ግማሹን ሰማዩ ላይ፣ ግማሹን ነጩ ጠርዝ ላይ አሳረፍኩት። በሙሉ ክብደቴ ተጫንኩት። ሳነሳው «ጌታነህ» የሚለው ወይን ጠጅ ሆኖ በራ።

ዘጠኙንም መታሁ። ፈረሱ ላይ ትንሽ ተዛነፈ። እፍ እፍ ብዬ መልሼ ከተትኳቸውና እንደነበሩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ጣቶቼ ወይን ጠጅ ሆነዋል፤ በሳሙና ብፈትግ፣ በድንጋይ ብፈትግ አለቅም አለ። እማዬ ስትመጣ እጄን ብብቴ ውስጥ ከትቼ በርዶኛል አልኳት።

ዓርብ እትዬ ሶረቲ ገቡ። ወፍራም፣ ሳቃቸው ከእሳቸው ቀድሞ የሚገባ፣ ፊታቸው ላይ ብርድ የማያውቀው ወዝ ያለ ሴትዮ ናቸው። «እኔ ዲንሾ ነው የተወለድኩት። ፈረስ ላይ ነው ያደግኩት። ሰዎቼ ግን ሆቴሌ ላይ የበረዶ ተራራና የባቡር ፎቶ ሊሰቅሉብኝ!» ብለው ሳቁ። እማዬ ወንበር አቀረበችላቸው፤ አልተቀመጡም። ጋሽ ከሊል የመጀመሪያውን ፍሬም አዞሩት።

ሳቁ ቆመ። ጋሽ ከሊል ጎንበስ አሉ። መስታወቱ ላይ እርጥቡ ቀለም ተለጥፎ ተዝረክርኳል። ጣታቸውን አስነክተው አዩት። ሁለተኛውን አዞሩ፣ ሦስተኛውን አዞሩ።

«ይሄ ማህተም ማክሰኞ አልነበረም» አሉ።

እማዬ ቀረብ ብላ አየች። መጀመሪያ ፎቶዎቹን፣ ቀጥሎ እኔን። እጄን ወደ ኋላዬ ደበቅኩ፤ ግን አይታዋለች።

«አዴ ወለተኢየሱስ፣ የሞተ ሰው ማህተም አይመታም» አሉ ጋሽ ከሊል።

«እኔ ነኝ የመታሁት» አለች እማዬ።

«ለምን? ስም አለው ወይ አልኩሽ እንጂ ስም ፍጠሪለት አልኩሽ? ይችን ሴትዮ ከሮቤ ድረስ አምጥቼ ታሳፍሪኛለሽ?»

እማዬ አንገቷን ደፋች። እኔ መጋረጃው ጋ ቆሜ ገረመኝ። የመታሁት እኔ ነኝ፤ እሷ ውሸቷን ነው። እናቴ ስትዋሽ በዓይኔ በብረቱ ሳያት ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ልትሸፍነኝ መሆኑን ዘጠኝ ዓመት ላይ ያለ ጭንቅላት አላሰበውም። ያሰበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እማዬ ትዋሻለች።

እትዬ ሶረቲ ማህተሙን ከነገሩም አላዩት። ፈረሱ ፊት ተገትረዋል። «ከሊል፣ ቀለሙን ተወው። እዚህ ፎቶ ውስጥ ያለው ብርድ እኮ እዚህ ድረስ ይመጣል» አሉ። ወደ እማዬ ዞሩ። «ስሚኝ እህቴ። ዱጋውን፣ እውነቱን ብቻ ንገሪኝ። ባልሽ ነው ያነሳው?»

እማዬ የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠመጠመችው፣ ፈታችው፣ መልሳ ጠመጠመችው።

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» አለች። «ባለቤቴ ደረቱን ያመው ነበር። ሰነቴ ላይ መተንፈስ አይችልም። ያነሳሁት እኔ ነኝ።»

«አንቺ?»

«እኔ። በጋሽ ቱሉ መኪና እየወጣሁ። ይሄን ፈረስ ያነሳሁ ቀን ጣቴ ደንዝዞ የካሜራውን ክዳን በጥርሴ ነው የከፈትኩት። ሰውየው ፊቴን አታንሺ አለኝ፣ አላነሳሁትም።»

እትዬ ሶረቲ እጃቸውን አጨበጨቡ። «ያ ረቢ! ሴት! ሰማህ ከሊል? ይሄን ያነሳችው ሴት ናት!» ሳቃቸው ተመለሰ። «አሁንስ ትወጫለሽ? ለአሥራ ሁለቱም ክፍል ታነሺልኛለሽ?»

«ካሜራው አለ፤ እወጣለሁ» አለች እማዬ።

ፊቷን አየሁት። አባዬ ከሞተ ወዲህ፣ እንዲያውም ከዚያም በፊት፣ እንደዚያ ያለ ፊት አይቼባት አላውቅም። ጉንጯ ቀልቶ ነበር። ደስ ብሏት ነበር። በጥቁር ልብስ ውስጥ ደስ ብሏት ነበር። የአባዬ ክራባት ከጀርባዋ ሚስማሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው፤ እሷ ደግሞ ፎቶዎቹን እየሰረቀችው ነው። ያ ሁሉ ሰው «ጉድ ነህ» ያለውን አባቴን፣ መልስ መስጠት የማይችለውን አባቴን!

«ውሸት ነው!» አልኩ።

ሁሉም ዞሩ። መጋረጃውን ለቅቄ መሐል ገባሁ።

«ውሸት ነው! አባዬ ነው ያነሳው! እሷ ቡና ነው የምትሸጠው! ማህተሙንም እሷ አልመታችውም፣ እኔ ነኝ! ይኸው!» ብዬ አሥሩንም ጣቶቼን ዘርግቼ አሳየኋቸው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ጋሽ ከሊል ወይን ጠጅ ጣቶቼን አዩ፣ መነጽራቸውን አወለቁ። «ኢንተላ ኮ» አሉኝ በለሆሳስ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ከዚያ ለእማዬ፣ «ልጅ አይዋሽም፣ አዴ» አሏት። የክፋት ድምፅ አልነበረውም። እንዲያውም ያዘኑ ይመስለኛል።

እትዬ ሶረቲ ግን እሳቸውን አልሰሙም፤ እማዬን እየጠበቁ ነበር። አሁን ሳስበው ሊያምኗት ተዘጋጅተው ነው የጠበቁት። «ልጅ ናት፣ አታውቅም» ብትላቸው ይበቃ ነበር። ጋሽ ቱሉ የመኪና መናኸሪያው ጋ ነበሩ፤ «አስጠሯቸውና ጠይቋቸው» ብትል ይበቃ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። በዚያ ዓረፍተ ነገር ላይ ፎቶ ቤታችን፣ ኪራዩ፣ አሥራ ሁለቱ ክፍል፣ ካሜራው፣ እሷ ራሷ ተንጠልጥላለች።

መጥታ ፊቴ ተንበረከከች። ጣቶቼን ይዛ በነጠላዋ ጫፍ ታሻቸው ጀመር፤ እንደማይለቅ እያየች። እኔ በጥላቻ አየኋት። እሷም አየችኝ።

«እውነቷን ነው» አለች ዓይኗን ከእኔ ሳታነሳ። «አባቷ ነው ያነሳው።»

እትዬ ሶረቲ ቦርሳቸውን አንስተው «አላህ ያጽናሽ» ብለው ወጡ። ጋሽ ከሊል በመስታወቱና በእንጨቱ ዋጋ ዘጠኙንም ጫኑ፤ ስልሳ ስልሳ ብር። ኅዳር ላይ ፎቶ ቤቱን አስረከብን። ካሜራውን የሠርግ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ገዛው። ጎሮ አጎቴ ቤት፣ ሰባት ልጅ በሚተኛበት ቤት፣ ሁለት ዓመት ከረምን። እማዬ ከዚያ ወዲህ ካሜራ ስትይዝ አላየኋትም። እኔ ግን በዚያ ዓርብ አባቴን ከሌባ ያስጣልኩ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ዋልኩ። በዚያ ኩራት ነው ያደግኩት። ለጓደኞቼ እንኳ አውርቼዋለሁ።

ሃያ አራት ዓመት ሲሞላኝ ሮቤ ጋሽ ከሊል ሱቅ እሠራ ነበር፤ ግመታውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፣ ያንን ቀን ግን ሁለታችንም አናነሳውም። አንድ ቅዳሜ እማዬን ልጠይቅ ወደ ጎባ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁና ከሹፌሩ ጎን ተቀመጥኩ። ሹፌሩ ጋሽ ቱሉ ነበሩ፤ አይሱዙውን ሸጠው ሚኒባስ ገዝተዋል። አወቁኝ።

«የወለተኢየሱስ ልጅ አይደለሽም? እናትሽ ፎቶውን ተወችው ማለት ነው?» አሉኝ መሪውን እያዞሩ። «ስንት ብርድ አብረን በላን! ዝናብ ሲመታን ካሜራዋን ጋቢዋ ውስጥ ከትታ እሷ ትረጥባለች። ያ ፈረስ ያለበት ቀን እንዲያውም ትሞታለች ብዬ ነበር። አባትሽማ አንዴ ሞክሮ አዝዬ አይደል ያወረድኩት!»

ሌላም ብዙ ነገር አወሩ። አልሰማሁም። ከሮቤ ጎባ እንዲያ ረዝሞ አያውቅም። መውረጃዬ ሳይደርስ «ወራጅ አለ» ብዬ ወረድኩ፤ መልሴን አልተቀበልኩም፤ ቀሪውን መንገድ በሩጫና በእርምጃ መሐል ሄድኩት።

እማዬ ያኔ ወደ ጎባ ተመልሳ ቢሮዎቹ አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት ከፍታ ነበር። ቀኑን ሙሉ የሰው መታወቂያ ትገለብጣለች። ስገባ አራት አምስት ሰው ቆሟል፤ እሷ የማሽኑን ክዳን ከፍታ ትዘጋለች፣ ብርሃኑ ከሥር ፊቷን አቋርጦ ያልፋል።

«እማዬ፣ ጋሽ ቱሉ ነገሩኝ» አልኳት።

አላየችኝም። ወረቀት ጨመረች።

«ለምንድን ነው እውነቷን ነው ያልሻቸው? አንድ ቃል ብትናገሪ ያምኑሽ ነበር። ለምን?»

«ሦስት ወር እንኳ አልሞላውም ነበር» አለች ክዳኑን እየዘጋች። «አባትሽን እንደገና እኔው ልቅበርብሽ?»

ብርሃኑ አለፈ። ወረቀቱ ወጣ። እጇን ልይዛት ፈለግኩ፤ መሐላችን ባንኮኒ አለ፣ ሰው አለ፣ እጇም ሥራ ላይ ነው። ምን እንደማደርግ ጠፋኝ። ዞሬ ወረፋ የያዙትን ሰዎች አየኋቸው፤ አንድ ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ፣ ሁለት ተማሪዎች፣ ከጀርባ አንድ ወጣት።

«እናቴ ናት ያነሳቻቸው!» አልኩ። ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ጮኸ። «ዘጠኙንም! አባቴ አይደለም፣ እናቴ ናት ያነሳቻቸው! እውነቷን ነበር!»

ተማሪዎቹ ተያዩ። ወጣቱ አንገቱን አስግጎ «ምኑን?» አለ።

እማዬ እጇን ዘርግታ የሽማግሌውን መታወቂያ ተቀበለች።

«ምንም አይደል» አለች። «የእርስዎ ከፊትና ከኋላ ነው፣ አባቴ?»